ኮሎስቶሚ ላለው ሰውና ለአስታማሚው
መጀመሪያ ትልቁን አንጀት እንወቅ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቀጥኖ የሚደርሰውን የምግብ ዝቃጭ ተቀብሎ ውሃውን ይመጥጣል፤ የቀረው እየጠጠረ ሰገራ ይሆናል።

አሁን መንገዱ ተዘጋ እንበል። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ምክንያቶች አንዱ የዚህ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ መጠምዘዙ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ሰገራም ፈስም ይቆማል፤ ደም ያልደረሰው አንጀት ይሞታል። ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ ያወጣል። የቀሩትን ጫፎች ወዲያው ማገናኘት ካሰጋው፣ የላይኛውን ጫፍ በሆድ በኩል አውጥቶ ከቆዳው ጋር ይሰፋዋል። ኮሎስቶሚ ይኸው ነው።

ሆድ ላይ የሚታየውን ቀይ ነገር ሳይፈሩ ይዩት። ቁስል አይደለም፤ የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ነው። እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ መሆኑ የጤና ነው። ሲነኩት አያምም፤ ሲጠርጉት ጥቂት ቢደማ አያስደነግጥም። ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሰውን የሚያሰቃየው ቆዳው ነውና እዚህ ላይ ረጋ እንበል። በሆድ በኩል የወጣው የአንጀቱ አፍ ጨምቆ የሚይዝ ጡንቻ ስለሌለው ሰገራው በፈለገው ሰዓት ይወጣል። የነካው ቆዳ ይላጣል፤ በተላጠ ቆዳ ላይ ሰገራ መቀበያው ከረጢት አይጣበቅም፤ ያልተጣበቀ ከረጢት ያፈስሳል፤ ቆዳውም ይብስበታል። ስለዚህ የከረጢቱን ቀዳዳ ከአንጀቱ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተው ይቁረጡ። አፉ በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት እየጠበበ ስለሚሄድ ደጋግመው ይለኩ። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅባት አይቀቡ፤ ማጣበቂያው አይዝም። ከረጢቱ ግማሽ ሳያልፍ ይድፉት፤ ከከበደ ይላቀቃል።

ከረጢት ውድ ነው፤ ከፋርማሲም ይጠፋል። በጨርቅ ለሚጠቀሙ የቅባቱ ምክር ይገለበጣል፦ ዙሪያውን ቫዝሊን ወይም ዚንክ ቅባት ወፈር አድርገው ይቀቡ፣ ጨርቁንም እንደረጠበ ይቀይሩ።

እንጀራ አልተከለከለም። ባቄላና ጥቅል ጎመን አየር ካበዙ ይቀንሱ።

አስታማሚዎች ሆይ፣ መዓዱን አትለዩበት። በደንብ የተጣበቀ ከረጢት አይሸትም፤ ከሸተተ አፍስሷልና አብራችሁ ቀይሩት። ለቅሶም ሰርግም፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይሂድ።

ብዙ ኮሎስቶሚ ከወራት በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይዘጋል፤ ፊንጢጣው በካንሰር ምክንያት የወጣለት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ፣ የሚዘጋ ከሆነም ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ከሆስፒታል ሳይወጡ ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉ።