የወርቅ ማጠቢያ ሣጥን በትንሽ ወጪ ስለ መሥራት

እህሉ ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ወንዙ ሲጎድል ወርቅ ለመፈለግ ያሰባችሁ እንደ ሆነ፣ ለመሣሪያ ብላችሁ በሬ አትሽጡ። ለመጀመሪያው ምርመራ የሚበቃው ዕቃ ከቤታችሁና ከአናጢ ደጅ ይገኛል።

አስቀድሞ ስለ ቦታው እንናገር። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። የአገራችን ወርቅ ግን በብዛት የሚገኘው ከዚህ በታች ያለው እጅግ የቆየ አለት ገሃድ በወጣበት፣ ይኸውም በአዶላ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉልና በትግራይ ነው። ስለዚህ ወንዙ ብር ተብሏልና ሀብት አለበት ብሎ የዳር ማሳን መቆፈር ከንቱ ድካም ነው። ብርንም ሆነ ፈጣምን መመርመር የሚፈልግ ግን በሚከተለው ዘዴ በጥቂት ቀን እውነቱን ያውቃል።

ወርቅ በመጠን እኩል ከሆነው አሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ውኃው ቀላሉን ሲወስድ ከባዱ ወደ ታች ይቀራል፤ የመሣሪያው ጥበብ ሁሉ ይኸው ነው።

ሣጥኑ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ይሠራ፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ናቸው። ወለሉ ላይ ጆንያ ወይም ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። በላዩ ሁለት ጣት የሚያህል ከፍታ ያላቸው ዘንጎች እንደ መሰላል፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ይደረደራሉ። መሰላሉ ተነቅሎ እንዲወጣ በሽብልቅ እንጂ በምስማር አይያዝ። በራሱ በኩል በምስማር የተበሳ ቆርቆሮ እንደ ወንፊት ይቀመጥና ጠጠሩን ይመልሳል። የሣጥኑ ራስ ከግርጌው በ12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። አሸዋው በዘንጎቹ መካከል ተጠቅጥቆ ከደረቀ ራሱን ጥቂት ከፍ አድርጉ፤ ሁሉም ተጠርጎ ከሄደ ዝቅ አድርጉ።

በጆንያው ላይ የቀረውን በባልዲ አራግፋችሁ በገበቴ እጠቡ። ገበቴው ቅባት የነካው ከሆነ ደቃቁ ወርቅ ይንሳፈፍና ያመልጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በእንዶድ ይታጠብ፤ እጣቢው ግን ዓሣ ይገድላልና ወደ ወንዝ አይደፋ።

መሣሪያው መሥራቱን ለማወቅ፣ የኑግ ፍሬ የሚያህሉ 10 የእርሳስ ቅንጣቶች በመዶሻ ጠፍጥፋችሁ ከአንድ ባልዲ አሸዋ ጋር ቀላቅሉና እጠቡ። እርሳስ ከወርቅ ይቀልላል፤ ስለዚህ አሥሩም ከተገኙ ያን የሚያህል ወርቅ አያመልጥም። ሰባት ብቻ ከተገኙ ጥፋቱ የወንዙ ሳይሆን የአጣቢው ወይም የሣጥኑ ነው።

አሸዋው የሚቀዳው ወንዙ በሚታጠፍበት ውስጠኛ ዳርና ከትላልቅ ድንጋዮች ጀርባ ነው። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለምና ቅንጣቱን በመዶሻ ምቱት፤ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ የሚመስለው ድንጋይ ግን ይፈረካከሳል። ጥቁሩን አሸዋ ካደረቃችሁ በኋላ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ለዩት። ባዜቃ አትጠቀሙ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ትነት ነርቭን ይጎዳል፣ በተለይም የሕፃናትን።

ወርቁ ከተገኘ ለሽያጭ ከማምረት በፊት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ባህላዊ ማዕድን አምራቾችን ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል።

ከአምስት ቦታ አራት አራት ባልዲ አጥባችሁ አንዲት ቅንጣት ካላያችሁ ግን ጉድጓዱን ደፍናችሁ ሣጥኑን ፍቱት፤ ጣውላው ለንብ ቀፎ ይሆናል።