የዋይፋይ ድንገተኛ መዘግየት፦ መንስኤውን በልኬት የማግኘት ዘዴ

በኢንተርኔት አማካይነት ጌም የሚጫወቱ ተማሪዎች ይህን ችግር አሳምረው ያውቁታል። ጨዋታው ለብዙ ደቂቃዎች ያለ እንከን ከሄደ በኋላ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲነቃ ተጫዋቹ ተሸንፏል። ፈጥኖ የሚሰጠው ምክንያት «ኔትዎርኩ ደካማ ነው» የሚል ሲሆን፣ ፈጥኖ የሚወሰደውም መፍትሔ ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ነው። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ባለበት ይቆያል። የተገዛውና የጎደለው ነገር አንድ አይደሉምና። በዚህ ጽሑፍ የጎደለው ምን እንደሆነና መንስኤው በቤት ውስጥ ይሁን ከቤት ውጭ ያለ ልዩ መሣሪያ እንዴት መለየት እንደሚቻል እንመለከታለን።

ስፋትና መዘግየት

በቅድሚያ ሁለት መጠኖችን እንለይ። በገበያ «ፍጥነት» የሚባለው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሊተላለፍ የሚችለው የመረጃ ብዛት ነው፤ መለኪያውም ሜጋቢት በሴኮንድ ነው። መዘግየት የሚባለው ግን አንድ ፓኬት፣ ማለትም አንድ ትንሽ የመረጃ እሽግ፣ ከኮምፒዩተራችን ተነሥቶ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሚሊሴኮንድ ነው። መንገድ ሲሰፋ በአንድ ጊዜ የሚያልፉት መኪኖች ይበዛሉ እንጂ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው ርቀት አያጥርም። የጌም ፓኬቶች ትንንሽ ስለሆኑ ሰፊ መንገድ አይሹም፤ በሰዓታቸው መድረስ ግን አለባቸው።

መዘግየት ከዚያ በታች የማይወርድበት የተፈጥሮ ወሰን አለው። ብርሃን በፋይበር መስመር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ያለው ቀጥተኛ ርቀት 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ 10,600 ለ200,000 ሲካፈል፣ ማለትም 53 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። መስመሩ በቀጥታ ስለማይዘረጋ በተግባር የሚለካው ከዚህ ይበልጣል። ይህን ወሰን የትኛውም ጥቅል አይሽረውም። ነገር ግን ይህ መዘግየት ቋሚ ስለሆነ ጨዋታው ለምን ድንገት እንደሚቆም አያስረዳም። ተጫዋቹን የሚያውከው የመዘግየቱ መዋዠቅ ነው።

ለምሳሌ በአንድ መስመር ላይ 10 ልኬቶች ሁሉም 50 ሚሊሴኮንድ ሆኑ እንበል። በሌላው ዘጠኙ 20፣ አንዱ ግን 320 ሚሊሴኮንድ ሆነ። የሁለቱም አማካይ 50 ነው። በሴኮንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም ግን 320 ሚሊሴኮንድ ማለት ከ19 ምስሎች በላይ የሚያልፉበት ጊዜ ነው። አማካዩ ብቻውን ይህን ይደብቃል፤ ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን ልኬት፣ የተራራቁበትንም መጠን አብረን መመዝገብ ይኖርብናል።

መዋዠቁ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ አየሩ ነው። ዋይፋይ በአንድ ቻነል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው እየላከ ከሆነ ይታገሣል፤ ከዚያም በዕጣ የሚወሰን አጭር ጊዜ ጠብቆ ይልካል። ፓኬቱ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምላሽ ካልመጣ እንደገና ይሞክራል። የጎረቤት ራውተር በተመሳሳይ ቻነል ላይ ሲበዛበት የእኛም ጥበቃ ይረዝማል። በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው የማይክሮዌቭ ምድጃም በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ሁከት ይፈጥራል።

ከዚህም ሌላ ሞገዱ ከግድግዳና ከብረት እየተንጸባረቀ በብዙ መንገድ ይደርሳል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የተንጸባረቁት ሞገዶች በአንድ ቦታ ሲደጋገፉ፣ የሞገድ ርዝመቱን ሩብ፣ ማለትም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሊጠፋፉ ይችላሉ። ኮምፒዩተሩን ትንሽ ማንቀሳቀስ ወይም በር መክፈት ሲግናሉን የሚለውጠው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ወረፋ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ስልክ ፎቶግራፎችን ወደ ኢንተርኔት ሲጭን፣ ራውተሩ የሚላኩትን ፓኬቶች በማቆያው ያሰልፋል። የመጫኛው አቅም በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢሆንና በማቆያው 250 ኪሎባይት፣ ማለትም 2 ሜጋቢት ቢጠራቀም፣ ከኋላ የመጣው የጌም ፓኬት አንድ ሙሉ ሴኮንድ ይጠብቃል።

የመለያ ሙከራ

1. ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት የትእዛዝ መስኮቶችን ክፈቱ። በአንደኛው ራውተሩን፣ በሁለተኛው ከቤት ውጭ ያለ ሰርቨርን ፒንግ አድርጉ። የብዙ ራውተሮች አድራሻ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ለውጭው 8.8.8.8ን መጠቀም ይቻላል። በዊንዶውስ ፒንግ አራት ጊዜ ልኮ ስለሚያቆም፣ ሳያቋርጥ እንዲልክ እዘዙት።

2. ጨዋታው ቀጥ እስኪል ድረስ ሁለቱም ይሥሩ። በዚያች ቅጽበት የትኛው ቁጥር እንደዘለለ ጻፉ።

3. የራውተሩ ቁጥር ከዘለለ ችግሩ ከቤት አልወጣም። ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝታችሁ ሙከራውን ድገሙ። ዝላዩ ከጠፋ ጥፋቱ የአየሩ ነው፤ ከቀጠለ ራውተሩን ወይም ኮምፒዩተሩን ጠርጥሩ።

4. የራውተሩ ቁጥር ጸንቶ የውጭው ብቻ ከዘለለ፣ የሌሎችን መሣሪያዎች ዋይፋይ አጥፉ። ዝላዩ ከቆመ ጥፋቱ የወረፋው ነው፤ ካልቆመ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። ለአገልግሎት ሰጪው ስትደውሉ ሰዓቱንና ቁጥሩን ይዛችሁ ቅረቡ።

መፍትሔውን ከመንስኤው ጋር ማዛመድ

ጥፋቱ የአየሩ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ገመድ መዘርጋት ነው። ካልተቻለ ራውተሩን ከፍ ባለና ባልተሸፈነ ቦታ አኑሩት፤ ቅርብ ከሆናችሁ የ5 ጊጋኸርዙን ተጠቀሙ፤ ይህ ሞገድ በግድግዳ ሲያልፍ ይበልጥ እንደሚዳከም ግን አትርሱ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ለመቆየት የተገደደ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከል ጭነት ያነሰበትን ቻነል ይምረጥ፤ እነዚህ ሦስቱ ስፋታቸው 20 ሜጋኸርዝ ሲሆን አይደራረቡም። ዝላዩ በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚደጋገም ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሌሎች ኔትዎርኮችን እየፈለገ ሊሆን ይችላል፤ የዋይፋይ ካርዱን ቅንብር መርምሩ። ጥፋቱ የወረፋው ከሆነ ደግሞ ራውተሩ የሚፈቅድ እንደሆነ የመጫኛውን መጠን ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ወስኑ፤ ወይም ትልልቅ ፋይሎች ከጨዋታ ሰዓት ውጭ እንዲጫኑ አድርጉ።

በዚህ ሁሉ መጠበቅ ያለበት ደንብ በላቦራቶሪ የምንማረው ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ቻነሉንም ቦታውንም ጥቅሉንም በአንድ ምሽት የለወጠ ሰው ችግሩ ቢወገድለት እንኳ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራል።

ለአንባቢያን የቀረበ መልመጃ፦ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና በኋላ 100 ልኬቶችን መዝግቡ። አማካዩን፣ ትልቁን ልኬትና ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ የሆኑትን ብዛት በሠንጠረዥ አስቀምጡ። አማካዩ ብዙም ሳይለወጥ ከ100 በላይ የሆኑት ከቀነሱ፣ ለውጡ ረድቷችኋል።