የጥጃ አንጀት ጤና ከእንገር ይጀምራል
ለደቡብ ጎንደር ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ
የፎገራም ሆነች ሌላ የአካባቢያችን ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ብዙ ጊዜ ወተቷን ትይዛለች። ስለዚህ ጥጃ ሲሞት የነገው ጊደር ወይም በሬ ብቻ ሳይሆን የዛሬው ወተትም አብሮ ይታጣል። ትንንሽ ጥጆችን ከሚገድሉት ዋናው ተቅማጥ ነው። የመጀመሪያው መከላከያ ደግሞ ከላሟ ጡት የሚገኘው እንገር ነው።

1. እንገር ለምን?
ጥጃ በእናቱ ማህፀን ሳለ በሽታ ተከላካይ አያገኝም፤ የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ ከእንገር ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ አንጀት ይህን ተከላካይ ሳይፈጨው ወደ ደም ያሳልፋል። ይህ ችሎታ ግን ከ6 ሰዓት ቆይታ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይቆማል። ማታ ተወልዶ ሳይጠባ ያደረ ጥጃ ብዙው ዕድል አምልጦታል።

«እንገር ጥጃን ያስቀምጣል» ተብሎ የሚደፋበት ወይም ለቤት የሚታለብበት ጊዜ አለ። ጥጃውን ለተቅማጥ የሚያጋልጠው ግን እንገር ማጣቱ ነው። ለቤት የሚሆነው ጥጃው ጠግቦ የተረፈው ብቻ ነው።

2. ምን ያድርጉ?
• ላሟ ልትወልድ 2 ወር ሲቀራት ማለብ ያቁሙ፤ ጥሩ ድርቆሽና ፋጉሎ ይጨምሩላት።
• ጡቷን አጥበው ጥጃው በተወለደ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይጥባ። መቆም ካቃተው አልበው በንጹሕ ጡጦ ያጠጡት።
• በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ያግኝ። 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ተኩል ማለት ነው፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ይሰጥ።
• በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ደረቅ ጭድ ያንጥፉለት።
• ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ድርቆሽና አንድ እፍኝ የተከካ ገብስ ከፍሩሽካ ጋር ያቅርቡለት። ጨጓራው የሚጎለብተው በዚህ ነው።

3. ተቅማጥ ከያዘው
ወተቱን አይከልክሉት። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው፣ ከወተት ጋር ሳይቀላቅሉ በየመሐሉ ያጠጡት። ከሌሎች ጥጆች ይለዩት። በሽታው ወደ ልጆችም ሊተላለፍ ስለሚችል ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መነሣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዱት፤ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት አይስጡ።

የመወያያ ጥያቄ
ባለፈው ዓመት በቤትዎ የተወለደው ጥጃ የመጀመሪያውን እንገር ያገኘው ከስንት ሰዓት ቆይታ በኋላ ነበር? ዘንድሮ ላሟ በሌሊት ብትወልድ ማን ተነሥቶ ያጠባዋል? ከቤተሰብዎ ጋር ዛሬውኑ ይወስኑ።