ያሳደገ ይመስገን፣ የወለደ ይጠራ



ከጥቂት ጊዜ በፊት ለዘመድ ጥየቃ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ ሳለ፣ በሲቀላ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሐጂ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። ከምሳ በኋላ ሐጂ ያሳደጉት አንድ ወጣት በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች ይዞ መጣ። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የቀበሌ መታወቂያና አንድ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቱ የሐጂ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነው። ወላጅ አባቱ በደጋው ወረዳ በአነስተኛ ንግድ ይተዳደር ስለነበር፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው «ከተማ ይማር» ብሎ ወንድሙ ዘንድ አስቀመጠው። በምዝገባው ዕለት መዝጋቢው «የአባት ስም?» ብሎ ሲጠይቅ ሐጂ የራሳቸውን ስም ሰጡ። ክፋት አስበው አልነበረም። «የወንድሜ ልጅ ልጄ ነው። ደግሞም ከሌሎቹ ልጆቼ የተለየ መስሎት አንገቱን እንዳይደፋ ሰጋሁ» አሉኝ። አያታቸው አንድ በመሆኑ የተለወጠችው አንዲት ስም ብቻ ናት፤ መካከለኛዋ።

ዓመታት አልፈው ወላጅ አባቱ ሞተ። ወጣቱ የውርስ ድርሻውን ለማጣራት ወደ ወረዳው ሲሄድ ግን «በወረቀትህ ላይ ያለው አባትህ ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም በሕይወት አለ። ታዲያ የማንን ውርስ ነው የምትጠይቀው?» ተባለ። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ልጅ የጨመርኩ መስሎኝ ወንድሜን ልጅ አልባ አደረግሁት» አሉ።

ይህች ንግግር ናት ብዕር እንዳነሣ ያደረገችኝ። እንዲህ ያለው ነገር በአርባ ምንጭ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ባሕር ማዶ ልጅ በላክን ቁጥር የሚገጥመን ነው። ስለሆነም ለመሆኑ ስማችን ምንድን ነው? የሌላው ዓለም ስምስ ከእኛ በምን ይለያል? የሚለውን በዝርዝር እንመልከት።

ስማችን ሰንሰለት ነው

እንደሚታወቀው ሁሉ በአገራችን አንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ቀጥሎ የአባቱ፣ ከዚያም የአያቱ ስም ይመጣል። ይህ ማለት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለንም ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የቤተ ዘመድ ስም» የሚል ነገር አስገብቶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በነበረው ልማድ ቀጠለ። አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ቤት ቢቀመጡ የሦስቱም ሁለተኛ ስም የተለያየ ነው። ባልና ሚስትም እንዲሁ፤ ሴቲቱ በጋብቻ የአባቷን ስም አትጥልም።

ይህን የማያውቅ የውጭ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ነው። የውጭ ጋዜጦች ግን «ቢቂላ አሸነፈ» ብለው ጻፉ፤ ቢቂላ አባቱ መሆኑን አላወቁም። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ዲባባን ዓለም «የዲባባ እኅትማማቾች» ይላቸዋል፤ ልክ ነው፣ አባታቸው አንድ ነው። የእነርሱ የሥጋ ዘመድ የሆነችውን ደራርቱ ቱሉን ግን በስሟ ብቻ ዘመዳቸው ናት ብሎ የሚገምት የውጭ ሰው አይገኝም። የእኛ ስም ወደ ላይ ወደ አባት የሚወስድ መሰላል ነው እንጂ ዘመድን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስር ገመድ አይደለም።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችስ?

እንግሊዞችም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ የቤተሰብ ስም የነበራቸው አይምሰለን። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙ በኋላ ነው ልማዱ ቀስ በቀስ የተስፋፋው፤ እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው ቤተሰብ የሚወረስ ስም ያዘ። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ እንደ እኛው በአባት መጥራት የነበሩ ናቸው። «ጆንሰን» ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው። በስኮትላንድና በአየርላንድ ስም መግቢያ ላይ ያለው «ማክ»ም ልጅ ማለት ነው። «ስሚዝ» ደግሞ አንጥረኛ፣ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ልዩነቱ እነርሱ ዘንድ ስሙ በአንድ ትውልድ ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። ዛሬ ጆንሰን የሚባለው ሰው አባቱ ጆን አይደለም፤ ጆን የተባለው ቅድመ አያት ከሞተ መቶ ዓመታት አልፈዋል። አይስላንዶች ግን እስከ ዛሬ እንደ እኛው በአባት ስም ይጠራሉ።

ሌላው ልዩነት የሴቲቱ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ያገባች ሴት የባሏን ስም መያዟ የቆየ ልማድ ነው። አሜሪካዊቷ ሉሲ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1855 ስታገባ «የራሴን ስም አልጥልም» በማለቷ መነጋገሪያ ሆናለች። በ1879 ለትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ልትመዘገብ ስትሄድም በባሏ ስም ካልሆነ አትመርጪም ተብላለች። ይህን ከእኛ ታሪክ ጋር እናስተያየው። ኸዲጃ የኹወይሊድ ልጅ፣ ዓኢሻም የአቡበክር ልጅ እንደተባሉ ኖሩ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት መሆን ያህል ክብር እንኳ የአባታቸውን ስም አላስጣላቸውም።

በአፍሪካና በጋሞ ምድር

በአፍሪካም የስም ሥርዓት ብዙ ዓይነት ነው። በጋና የአካን ሕዝብ ልጅን በተወለደበት ቀን ይሰይማል፤ «ኮፊ» ዓርብ፣ «ክዋሜ» ቅዳሜ የተወለደ ነው። ኮፊ አናንና ክዋሜ ንክሩማህ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ልማድ ነው። ሶማሌዎች ወንድሞቻችን እንደ እኛ ሦስት ስም ይጽፋሉ፤ ልጆቻቸው ግን ከሦስት አልፈው የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ሐረግ በቃል ይይዛሉ።

በጋሞ ደጋ ደግሞ ሰው ከስሙ ሌላ በአባቱ በኩል የሚወርስ ጎሳ አለው። ጎሳዎቹም ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ይመደባሉ። ከአንድ ጎሳ የሆኑ ወንድና ሴት ወንድምና እኅት ስለሆኑ አይጋቡም። እንግዲህ በዚህ አገር የልጅን አባት ስም መለወጥ ፊደል መለወጥ ብቻ አይደለም። ማን ዘመዱ እንደሆነ፣ ማንን ማግባት እንደማይችል የሚያሳየውን ምልክት መንቀል ነው። የእኛም ሃይማኖት በጋብቻ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ዘመድ በዝርዝር ያስቀመጠ በመሆኑ ይህ ጉዳይ በእኩል ይመለከተናል።

«ወንድሜ ነው» ማለት ውሸት ነውን?

ከስም ቀጥሎ የዝምድና መጠሪያ ይመጣል። ዐረብኛ የአባትን ወንድም «ዐም»፣ የእናትን ወንድም «ኻል» ብሎ ይለያል። ኦሮምኛና ሶማልኛም እንዲሁ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል አላቸው። አማርኛና እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ እኛ «አጎት»፣ እነርሱ «አንክል» ይላሉ። ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ልዩነት አለ። እንግሊዛዊው የአጎቱን ልጅ «ከዝን» ብሎ ከወንድሙ ይለየዋል። የእኛ ሰው ግን አብሮ ያደገውን የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» ማለት ይቀናዋል፤ «የአጎቴ ልጅ» ብሎ መጥራት ማራቅ ይመስለዋል።

ይህ ደግነት ቅጽ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚያስከትል ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞችን ቤተሰብ በሚያገናኝበት መርሐ ግብር ላይ በናይሮቢ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ሙከራ ጀመረ። ሙከራው ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሰፋ። በብዙ ማመልከቻዎች ላይ የተጻፈው የሥጋ ዝምድና ሊረጋገጥ ባለመቻሉ መርሐ ግብሩ በዚያው ዓመት ታገደ። የተከፈተው በ2012 ምርመራው ግዴታ ከሆነ በኋላ ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሆነ ብለው ያጭበረበሩ አይጠፉም። ነገር ግን የሟች ወንድሙን ልጅ አሳድጎ «ልጄ» ብሎ የጻፈ ሰውም በዚያው ወንፊት ቀርቷል። ልቡ አልዋሸም፤ ቅጹ ግን የጠየቀው ስለ ልብ አልነበረም።

ተቃራኒውም ጉዳት አለ። ከደቡብ ኢትዮጵያ ጭምር ብዙ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሄደው የአሳዳጊዎቻቸውን የቤተሰብ ስም ይዘዋል። አገራችን በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ብትከለክልም፣ ከዚያ በፊት የሄዱት ዛሬ አድገው «አባቴ ማን ነበር?» እያሉ ይመለሳሉ። ስማቸው ከአባታቸው ጋር ቢቆይ ኖሮ ፍለጋው ምንኛ በቀለለ ነበር!

የዘይድ ትምህርት

ለዚህ ሁሉ ከ1400 ዓመታት በፊት የተሰጠ መፍትሔ አለን። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ በልጅነቱ ተማርኮ ለባርነት የተሸጠ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፃ አወጡት፤ እንደ ልጃቸውም አደረጉት። ሰዎች ሁሉ «ዘይድ የሙሐመድ ልጅ» ይሉት ጀመር። ከዚያ በኋላ በሱረቱል አሕዛብ አምስተኛው አንቀጽ፣ ያደጉ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ፣ ይህም አላህ ዘንድ ይበልጥ ፍትሐዊ መሆኑን የሚገልጽ ትእዛዝ ወረደ። አባቶቻቸው የማይታወቁ ከሆነ በሃይማኖት ወንድሞች መሆናቸው ተነገረ። በስሕተት ለተፈጸመው ተጠያቂነት እንደሌለ፣ ልብ አውቆ ያደረገው ግን እንደሚያስጠይቅም ተገለጸ።

ዘይድም ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። ታዲያ ፍቅሩ ቀነሰን? በፍጹም። ከሶሓቦች መካከል ስሙ በቁርኣን ውስጥ የተጠቀሰው እርሱ ብቻ ነው። በሙእታ ዘመቻም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጦሩ አዛዥ አድርገው ልከውት በዚያው ሰማዕት ሆነ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ማሳደግና መውደድ የወላጅን ስም መፋቅን አይጠይቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ልጅ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ በወላጅ አባቱ ስም ይመዝገብ። ይህ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች በእጃቸው ያለው የትምህርት ቤት ካርድ ብቻ ነው።

2ኛ. የዘመድ ልጅ የምናሳድግ ከሆነ «አሳዳጊ» ተብለን እንጻፍ። ይህ ቃል ከ«አባት» ያነሰ ክብር የለውም፤ አጅሩም አይጎድልም።

3ኛ. ስም በአንድ አጻጻፍ ይጻፍ። በአንዱ ወረቀት «መሐመድ»፣ በሌላው «ሙሀመድ» የተባለ ሰው ለኮምፒዩተር ሁለት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲሆንማ ችግሩ ይብሳል። «አብዱልቃድር» የሚለውን ስም ለሁለት ከፍለን ከጻፍን በውጭ አገር «አብዱል» ተብሎ ይቀራል፤ ይህም «የ… ባሪያ» ብሎ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ መቅረት ነው።

4ኛ. ለውጭ አገር ቅጽ ዝምድናን በትክክሉ እንግለጽ። የአጎት ልጅ ከሆነ የአጎት ልጅ ይባል፤ አብረን ያደግን መሆናችን በተጨማሪ ማብራሪያ ይጻፍ። ባሕር ማዶ ያለች እኅታችንም ለቅጽ ማማር ብላ የአባቷን ስም ለመጣል አትቸኩል፤ በብዙ አገሮች ሕጉ አያስገድዳትም።

5ኛ. ስሕተቱ አስቀድሞ የተፈጸመ ከሆነ ወላጆችና ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ይታረም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል፤ ቢሆንም ከቀብር በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይሻላል።

6ኛ. ለልጆቻችን ቢያንስ የሰባት አያቶቻቸውን ስም በአባትም በእናትም በኩል እናስጠናቸው። ወረቀት ይጠፋል፤ ይህ ግን አይጠፋም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቦቴጎ የተባለ ኢጣሊያዊ አሳሽ የአባያን ሐይቅ አይቶ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ያ ስም በውጭ ካርታዎች ላይ ለዓመታት ቆየ። ሐይቁ ግን ባለቤቶቹ ዘንድ አባያ ነበር፤ ዛሬም አባያ ነው። ሐይቅ የሚያውቀው ሕዝብ ስላለው ስሙ አይጠፋበትም። ልጅ ግን ስሙን የሚጠብቅለት እኛ ብቻ ነን።

ሐጂም ይህን ሳይረዱ አልቀሩም። የዚያ ወጣት ማመልከቻ ላይ የመጀመሪያው ምስክር ሆነው የተጻፉት እርሳቸው ናቸው። «ይህ ልጅ የወንድሜ ልጅ እንጂ የእኔ አይደለም» ብለው ሊመሰክሩ ነው። እንዲህ ብሎ መመስከር ላሳደገ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳደገ ያውቀዋል። ወጣቱ ግን ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሲወጣ የሐጂን እጅ ስሞ «አባዬ፣ ደኅና ዋሉ» አላቸው። መጠሪያው በዚያው ቀጥሏል፤ የሚታረመው ወረቀቱ ነው።

ወላሁ አዕለም።