ለየልጁ የሚስማማ ጉዞ፦ ከአርብቶ አደር ወላጅ የምንማረው

«ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው» ሲባል ብዙዎቻችን «ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው» ማለት ይመስለናል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ልዩነቱን በሥነ ልቡና ክፍለ ጊዜ ብዙ ደክመንበታል። ይሁን እንጂ ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ አንድ ወላጅ ጓዙን ጠቅልሎ ሲነሣ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ስለዚህ ቤተሰብ ለጉዞ ሲዘጋጅ ለየልጁ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ይህም እኛን እጩ መምህራንን ምን እንደሚያስተምረን ባጭሩ እናቀርባለን።

ሀ/ ጉዞው ለምን ይደረጋል?

በአካባቢያችን ዋናዎቹ የዝናብ ወቅቶች ሁለት ናቸው። እነሱም በበልግ የሚጥለው ዲራና በክረምት የሚጥለው ካረን ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጂላል ግን ደረቅና ብርቱ ነው። በጅግጅጋ ሜዳ ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይዘራል፤ ወደ ሐርሺንና ወደ ሃውድ ሲኬድ ግን ኑሮው በአብዛኛው በእንስሳት ላይ ነው። ሃውድ ሣር እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የዝናቡ ውሃ በኩሬና «ብርካ» በሚባል ማጠራቀሚያ ይያዛል። ውሃው ሲያልቅ መነሣት ግድ ነው።

ታዲያ እንዲሁ ዝም ብሎ አይነሣም። ወላጅ አስቀድሞ አዋቂ ሰው ልኮ ያስጠናል። ይህ በሶማሊኛ «ሰሃን» ይባላል፤ የወጥ ሳህን እንዳይመስላችሁ! የተላከው ሰው ሣሩን፣ ውሃውን፣ የከብት በሽታውንና የአካባቢውን ሰላም አይቶ ይመለሳል።

ለ/ የየልጁ ድርሻ

1. ሕፃናት፦ እናቶች አቃሉን (ተጣጣፊውን የምንጣፍ ቤት) ነቅለው በጭነት ግመል ሲጭኑ፣ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ከጭነቱ ላይ ይቀመጣሉ።

2. ትንንሾች፦ ከቤት ሳይርቁ ግልገል ይጠብቃሉ።

3. ልጃገረዶችና ታዳጊ ወንዶች፦ ፍየልና በግ ይይዛሉ። እነዚህ እንስሳት በጥቂት ቀናት ልዩነት ውሃ ስለሚፈልጉ ከውሃ አይርቁም፤ ልጆቹም ከእናታቸው አይርቁም።

4. ጠንከር ያሉ ወንዶች፦ ከሰባት ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ከወጣቶች ጋር ግመል ይከተላሉ። ግመል ሁለት ሳምንት ያህል ሳይጠጣ ሊቆይ ስለሚችል ሩቅ ይሄዳል። ምግባቸውም በአብዛኛው ወተት ነው።

5. ተማሪው፦ ዘመድ ያለው ቤተሰብ አንዱን ልጅ ጅግጅጋ ወይም ቀብሪ በያህ ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ ወላጁ ዕድሜን፣ ጉልበትንና ጠባይን መዝኖ ነው የሚመድበው። ይህን እኮ ነው እኛ «የተማሪዎች የግል ልዩነት» እያልን የምናጠናው።

ሐ/ ችግሩ

የትምህርት ዘመን ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ጂላል መኻሉን ይቆርጠዋል፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መጨረሻና የሁለተኛው መጀመሪያ እዚያው ላይ ይወድቃሉ። ከተማ የሚቀረው ልጅ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ልጅቷ ለፍየሉ፣ ለውሃውና ለታናናሾቿ ትፈለጋለች። ስትመለስ ስሟ «አቋረጠች» ከሚባሉት ጋር ይገኛል። ለእርሷ ዕቅዱ ላይ ያልታሰበው ነገር ይህ ነው።

«ትምህርት ግመል ላይ አይጫንም፤ መጀመሪያ ይስፈሩ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ታዲያ የቁርዓን መምህሩስ? ልጆቹ የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው፣ እርሱም ከቤተሰቡ ጋር እየተጓዘ ሲያስተምር ኖሯል። በአርብቶ አደር አካባቢ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተጀመረውም ሰዓቱንና ቦታውን ከኑሮው ጋር ለማስማማት ነው። እርግጥ ሁሉ ነገር በዕቅድ አይያዝም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲጎድል የብዙ ቤተሰብ ዕቅድ ከከብቱ ጋር ጠፍቷል። ከግመል ጋር የራቀውን ልጅም መምህሩ ሁልጊዜ አያገኘውም። የሚገኘውን ግን በቸልታ ማጣት የለብንም።

መ/ ከመምህሩ የሚጠበቀው

1. ኅዳር ላይ፣ ከጂላል በፊት፣ ወላጆችን «መቼ ትነሣላችሁ? ወዴት? ማን ይቀራል?» ብሎ መጠየቅና መመዝገብ። ስለ ሴቷ ልጅ ለብቻ መጠየቅ።

2. ለሚሄደው ልጅ የደረሰበትን ምዕራፍ የሚገልጽ ወረቀት መስጠት፤ ሌላ ቦታ ትምህርት ቤት ቢያገኝ ከዚያው ይቀጥላል።

3. ሲመለስ ከመዝገቡ አለመሰረዝ። ያመለጠውን ለይቶ፣ ከጎበዝ ተማሪ ጋር አጣምሮ ማስጠናት።

4. ያየውን ማስተማሪያ ማድረግ። መቶ ፍየል ሲቆጥር የከረመ ልጅ ለሒሳብ ባዶ አይደለም።

መልመጃ፦ አንድ አባት አምስት ልጆች አሉት። ጂላል ገብቷል፤ ከተማ ያለው ዘመድ የሚቀበለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። የአሥር ዓመቷ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ ፍየሎቹን የምትጠብቀውም እርሷ ናት። እናንተ መምህሯ ብትሆኑ ለአባትየው ምን ትሉታላችሁ? «ትቅር» ካላችሁ፣ ፍየሎቹን ማን ይይዛል? መልሳችሁን ጽፋችሁ አምጡ፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።