«ሌባ!» ተብሎ የተያዘው ትንሹ ንጉሥ

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭትና ጭብጥ የሚባሉትን የልቦለድ አላባውያን ተምረናል። ዛሬ በአንድ ልቦለድ ላይ እያየን እንከልሳቸው። መጽሐፉ አሜሪካዊው ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው ነው። ርእሱን በአማርኛ «ልዑሉና ድሃው» ልንለው እንችላለን።

1. መቼት

መቼት ማለት ታሪኩ መቼና የት እንደተፈጸመ የሚያሳይ ነው። የዚህ ልቦለድ መቼት እንግሊዝ አገር፣ በተለይ ለንደን ከተማ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1547 አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሞተና ልጁ ኤድዋርድ ገና በ9 ዓመቱ ነገሠ። ይሄ እውነተኛ ታሪክ ነው። ደራሲው በዚህ እውነት ላይ የራሱን ፈጠራ ጨመረበት።

2. ገጸ ባሕርያት

ኤድዋርድ የንጉሥ ልጅ ነው። ቶም ካንቲ ደግሞ በዚያው ቀን የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። የቶም አባት ሌባ ነው። ልጁን ለማኝ አደረገው፤ ሌባ ሊያደርገው ግን አልቻለም። ማይልስ ሄንደን ከጦርነትና ከምርኮ የተመለሰ፣ ልብሱ ያለቀ ወታደር ነው። ሁጎ ደግሞ ወጣት ሌባ ነው።

አንድ ቀን ሁለቱ ልጆች ቤተ መንግሥት ውስጥ ልብስ ተለዋወጡ። መልካቸው ቁርጥ አንድ ዓይነት ነበር! ኤድዋርድ ቶምን የመታውን ዘበኛ ሊቆጣ በዚያ ቡትቶ ወደ በሩ ሮጠ። ዘበኛውም ለማኙ መስሎት መትቶ አስወጣው። ልዑሉ መንገድ ላይ ቀረ፤ ቶም ቤተ መንግሥት ቀረ።

3. ግጭት

ብዙ ግጭቶች አሉ፤ እኔ የመረጥኩት የአሳማዋን ነው። ሁጎ ከአንዲት ሴት ቅርጫት አንድ ጥቅል ሰረቀና ኤድዋርድ እጅ ላይ ጥሎለት ሮጠ። ሰዉ ሁሉ ተሰበሰበ። ማንም «ማን ሰረቀ?» ብሎ አልጠየቀም። ቡትቶ የለበሰ ልጅ ጥቅሉን ይዞ ቆሟል፤ በቃ፣ ሌባ ተባለ።

ዳኛው ፊት ሲቀርቡ ጥቅሉ ውስጥ የነበረው የታረደች ትንሽ አሳማ ሆኖ ተገኘ። ሴትየዋ ዋጋው 3 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነው አለች። በመጽሐፉ እንደተጻፈው ሕጉ ከ13 ፔንስ ተኩል በላይ የሰረቀ ሁሉ ይሰቀል ይላል። ሒሳብ የምትወዱ አስሉት፦ 1 ሽልንግ 12 ፔንስ ስለሆነ፣ አሳማዋ 44 ፔንስ ታወጣለች ማለት ነው። ልጁ ሊሰቀል ነው! ሴትየዋ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ዋጋውንም ወደ 8 ፔንስ አወረደችው። ልጁ ከሞት ዳነ፤ እስራትና ግርፋት ግን ተፈረደበት።

ከዚያስ? ልጁን ይዞ የመጣው የሕግ አስከባሪ ሴትየዋን ተከትሎ ወጣና አስፈራርቶ አሳማዋን በ8 ፔንስ ብቻ ወሰደባት። እንግዲህ በዚያ ቀን ሌባው ማን ነበር? ማይልስ ይህን ሰምቶ ስለነበር ሰውየውን አፋጠጠው፤ ልጁንም አስለቀቀው። ማይልስ የልጁን ንጉሥነት አላመነም፤ አእምሮው የታመመ መስሎት ነበር። ቢሆንም ጠበቀው፤ በኋላም የልጁን ግርፋት በራሱ ጀርባ ተቀበለለት። የሚጠቅመውን ሰው አይደለም የረዳው፤ የተቸገረውን ነው።

4. ጭብጥ

ቶም መጀመሪያ ፈራ፤ ቀስ በቀስ ግን ንግሥናውን ወደደው። እንዲያውም እናቱን መንገድ ላይ ሲያያት እንደማያውቃት ሆነ፤ በኋላ ግን ኅሊናው ወቀሰው። ዘውድ በሚደፋበት ቀን ኤድዋርድ መጣ። ቶም ዝም ቢል ዘውዱ የእሱ ነበር። እሱ ግን «ንጉሡ ይሄ ነው» ብሎ መሰከረ። ኤድዋርድ የጠፋውን ትልቁን ማኅተም የት እንዳስቀመጠ እንዲያስታውስም ረዳው። ቶም ለካ ማኅተም መሆኑን ሳያውቅ ለውዝ ሲሰብርበት ከርሟል!

የሌባ ልጅ ዙፋን እጁ ገብቶለት መለሰ። ለእኔ የመጽሐፉ ጭብጥ ይህ ነው፦ ሰው በልብሱም በአባቱም አይፈረጅም፤ በሥራው ይታወቃል።

ይህ ነገር ለንደን ብቻ ያለ አይደለም። ክፍል ውስጥ ብር ወይም እስክሪብቶ ሲጠፋ መጀመሪያ የማን ቦርሳ ይፈተሻል? ብዙ ጊዜ ዩኒፎርሙ የተቀደደው ልጅ ቦርሳ ነው። ዕቃው በኋላ ከዴስክ ሥር ቢገኝ እንኳን «ሌባ» የሚለው ስም ከልጁ ላይ ቶሎ አይወርድም። አንዳንዱ ልጅ በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ይጠላል። ስለዚህ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ያለንበትን ቦታ እንፈልግ፤ ከዚያ ለመምህራችን ለብቻቸው እንንገር፤ ማስረጃ ሳይኖረን ስም አንጥራ። እንደ ማይልስ «ቆይ፣ ይጣራ» የሚል አንድ ልጅ በየክፍሉ ቢኖር ይበቃል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ከገጸ ባሕርያቱ እውነተኛው የታሪክ ሰው ማን ነው?
ለ. ሴትየዋ የአሳማዋን ዋጋ ለምን ቀነሰች? እናንተ ብትሆኑስ?
ሐ. ኤድዋርድን ይበልጥ የረዳው ማይልስ ነው ወይስ ቶም? ምክንያታችሁን ጻፉ።

መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡን፤ ጥሩ ጥሩውን በሰልፍ ሰዓት እናነባለን። በሉ፣ ቸር ያገናኘን!