ፊልጶስ ከማዕድ ጀመረ

በመንፈስ መመላለስ ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ወደ መድረኩ ይሄዳል፤ ወደ ሰባኪው፣ ወደ ዘማሪው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ግን ወደ ማዕድ ይወስደናል። በኢየሩሳሌም፣ ከግሪክ ይሁዲዎች ወገን የሆኑ መበለቶች የዕለት ምግብ ሲታደል ችላ ተባሉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያትም ለዚህ ሥራ 7 ሰዎች እንዲመረጡ ጠየቁ። መስፈርቱ ምን ነበር? በመልካም የተመሰከረላቸው፣ በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ። ምግብ ለማደል! ስለዚህ ልጆቿን ስታበላ የምትውል እናትም፣ ቢሮ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ወንድምም መንፈስ ቅዱስን እስከ እሑድ መጠበቅ የለባቸውም።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። በምዕራፍ 8 ሰማርያ በስብከቱ በደስታ ተሞልታ ሳለ፣ ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ እንዲሄድ ታዘዘ። ምክንያቱ አልተነገረውም፤ ግን ተነሥቶ ሄደ። በመንገድ ላይ የኢትዮጵያ ንግሥት ባለሥልጣን የሆነው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነባል። መንፈስ፣ ወደ ሠረገላው ቅረብ አለው። ይኸው ነው፤ ዝርዝር ዕቅድ የለም። ፊልጶስ ሮጠ፤ ደርሶም የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። ስለ ጃንደረባው በኩራት የምናወራ እኛ፣ ሮጦ የደረሰውንም ልብ እንበለው። ምሪት የሚመጣው አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እየሆነ ነው፤ ቀጣዩ የሚገለጠው የመጀመሪያውን ለተራመደ ነው።

በእርግጥ በልብ የመጣ ሁሉ ከመንፈስ አይደለም። «ጌታ ተናግሮኛል» እያሉ የራስን ፍላጎት ማጽደቅ ብዙ ቤት አፍርሷል። ጳውሎስ በገላትያ 5 የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር በፍቅር ጀምሮ ራስን በመግዛት ይጨርሳል። መመዘኛችን ይኸው ይሁን፦ ይህ ሐሳብ ሰውን እንድወድ፣ ራሴንም እንድገዛ ያደርገኛል? ቁጣ ምላሳችሁ ጫፍ ደርሶ ውስጣችሁ «ቆይ» ቢላችሁ፣ ቆዩ። ያስቀየማችሁት ሰው ፊቱ ድቅን ሲልባችሁ፣ ይቅርታውን ለበዓል አታቆዩት።

ሰሞኑን በጸሎት ላይ ስሙ የሚመላለስባችሁ ሰው አለ? ዛሬውኑ ደውሉለት። ስብከት አታዘጋጁ። «እንዴት ሰነበትክ?» በሉትና ሳታቋርጡ አዳምጡት።